«ሮቶውን አንኳኩት፣ ይበቃችኋል» ለሚለው ጽሑፍ ከጎንደር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ቤት ውስጥ ስለሚሰሩ የውሃ መጠን መለኪያ ሴንሰሮች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በየስልኩ ሲዞር ሰንብቷል፣ ለኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል፣ ከአምስቱ ሁለቱ እዚሁ ግቢያችን ያሉ ተከራዮች ናቸው፣ «አየህ አይደል» የሚል ቃልም ጨምረውበታል። እኔ ይሄን ነገር ሰርቼ ግቢያችን ከተከልኩት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል እና ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው፣ ጸሐፊውም ነገሩን ጨርሶ የማያውቁ ሰው አይመስሉኝም፣ እንዲያውም አንዴ ሞክረው ያልተሳካላቸው ሰው ነው የሚመስሉት። ስለዚ መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥና ከዛ በየተራ ልመልስ።

ያሉት ባጭሩ ይሄ ነው። ሮቶ ውስጥ ስንት ውሃ እንዳለ ለማወቅ ጎኑን ማንኳኳት ወይ ክዳኑን ከፍቶ ማየት ይበቃል። በርካሽ የሚገዙት የድምፅ ሴንሰሮች ይዋሻሉ፣ በተለይ እንደ ጎንደር ከፍታ ላይ ያለ ከተማ አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፁ ይዘገይና ልኬቱ ይበላሻል። መብራትና ኢንተርኔት በሚጠፋበት አገር ዋይፋይ ላይ የተንጠለጠለ ዕቃ ዋጋ የለውም። እርጥበት አንድ ክረምት ሳያስጨርስ ይገለዋል። ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ማገናኘት ሰው ይገላል፣ ዲናሞም ያቃጥላል። የፈለገ ሰው ፋብሪካ የሰራውን፣ ዋስትና ያለውን ይግዛ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ እየቆረጠ የሚያዞረው አንድ ዓረፍተ ነገር አላቸው፣ «ሴንሰር ውሃ አይወልድም፣ ያጠረን ውሃ እንጂ መለኪያ አይደለም» የሚለው።

ከማንኳኳቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «እውነት ነው» ያለው እሱን ነው። እኛ ግቢ 9 አባወራ አለ፣ ለሁላችንም ያለችው አንዲት 2000 ሊትር ሮቶ ናት፣ እሷም ግፊት እንዲኖራት 4 ሜትር የብረት ማማ ላይ ነው ያለችው። ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው፣ ሲመጣም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው፣ መጀመሪያ መሬት ላይ ያለችው ታንከር ትሞላለች ከዛ በዲናሞ ወደ ላይ እንገፋዋለን። እና «አንኳኩት» ማለት በተግባር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ትነሳለህ፣ ስልክህን ባትሪውን አብርተህ በጥርስህ ትነክሳለህ፣ መሰላሉን ትወጣለህ፣ ከዛ በአንድ እጅህ ማማውን ይዘህ በሌላው ከላይ ወደ ታች እየመታህ ታዳምጣለህ። ባዶው ጋ ድምፁ ክፍት ነው፣ ውሃው ጋ ሲደርስ ይታፈናል፣ እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን ዲናሞው ከስር እየጮኸ ሮቶው ራሱ ይንቀጠቀጣል፣ ልዩነቱ አይሰማም፣ ዝናብ ካለማ ጨርሶ ተወው። ካቻምና ሐምሌ ላይ ከዛ መሰላል አዳልጦኝ ወድቄ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰንጥቆ 6 ሳምንት በጀሶ ቆይቻለሁ፣ ሴንሰሩን መስራት የጀመርኩትም ጀሶው በወጣ በሳምንቱ ነው።

አከራያችን እማማ ዕድሜያቸው ከ70 አልፏል፣ እሳቸው መሰላል ሊወጡ አይችሉም፣ ድሮ ውሃ መኖር አለመኖሩን የሚያውቁት ሰው በመጥራት ነበር፣ ሰው ከሌለ ደግሞ ቧንቧ ከፍተው በማየት። አሁን ከበራቸው በላይ ሦስት ትንንሽ መብራት አሉ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ፣ ቀይ ከበራ ልብስ ማጠብ የለም፣ ያለው ለምግብና ለመጠጥ ብቻ ነው፣ ይሄ ግቢው ሁሉ የተስማማበት ሕግ ሆኗል። ብቻዎን የሚኖሩ ከሆነ፣ ሮቶዎ መሬት ላይ ከሆነና ክዳኑ ደረትዎ ጋ ከደረሰ፣ በውነቱ ምልክት ያለበት ዘንግ ይበቃዎታል፣ እዛ ላይ አልከራከርም። 9 አባወራ በአንድ ሮቶ ሲኖር ግን አንድ ሰው ማማ ላይ ወጥቶ የሰማው ነገር ለሌሎቹ ወሬ ነው፣ ወሬ ደግሞ ያጣላል፣ መብራቱን ግን ሁሉም እኩል ያየዋል።

ወደ ውሸቱ ልምጣ፣ እዚህ ጋ ትንሽ እቆያለሁ ምክንያቱም ጽሑፉ ውስጥ ሳይንስ መስሎ የገባው ስህተት ያለው እዚህ ነው። ሴንሰሩ ከክዳኑ ስር ሆኖ ጆሮ የማይሰማው 40 ኪሎኸርዝ ድምፅ ይለቃል፣ ድምፁ የውሃውን ፊት መትቶ ይመለሳል፣ ደርሶ መልስ የፈጀበት ጊዜ ይቆጠርና ርቀቱ ይሰላል፣ በቃ የገደል ማሚቶ ማለት ነው። ውሃው 1 ሜትር ከ50 ርቆ ከሆነ ደርሶ መልሱ 9 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ጸሐፊው «ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፅ ይዘገያል» ነው ያሉት። ጎንደር ከባህር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር እንደሚበልጥ እውነት ነው፣ አየሩም ስስ ነው፣ ግን በአየር ውስጥ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀቱ ነው እንጂ ግፊቱ አይደለም፣ ከፍ ባልክ ቁጥር ግፊቱም እፍጋቱም አብረው ስለሚቀንሱ ይጣፋሉ። 20 ዲግሪ ላይ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ መተማ ቆላው ወርደህ 20 ዲግሪ ብታገኝም ያው 343 ነው፣ ዳባት ደጋው ወጥተህ ብታገኝም ያው ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ድምፅ ዘገየ የሚባለው ከፍ ያለ ቦታ ስለሚቀዘቅዝ ነው።

ግን ሴንሰሩ ይዋሻል ያሉት እውነት አለው፣ ምክንያቱ ሌላ ሆኖ ነው እንጂ። እኛ ጋ መጀመሪያ ወር ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ማታ ሮቶው ውስጥ ይሄን ያህል አለ ብሎ ይመዘግባል፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስናየው ወርዷል፣ ማንም አልቀዳም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ውሃ ሳይመጣ ከፍ ብሎ ይገኛል። ሦስት ቀን እንዲህ ሲሆን ግቢው ውስጥ ሌሊት ተነስቶ የሚቀዳ ሰው አለ የሚል ሹክሹክታ ተጀመረ፣ እኔም በስም የተጠረጠረውን ሰው ዓይን ማየት አፍሬ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ፍጥነቱን 343 ብዬ ኮዱ ውስጥ ቸንክሬው ነበር። ጥቁር ሮቶ ከሰዓት ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው አየር 35 ዲግሪ ይገባል፣ ንጋት ላይ 10 ዲግሪ ይወርዳል፣ 331 ላይ ሙቀቱን በ0.6 አባዝተህ ብትደምር ንጋት 337 ከሰዓት 352 ታገኛለህ። 1 ሜትር ከ50 ርቀት ላይ ይሄ ከ6 ሳንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ነው። የኛ ሮቶ ስፋቷ 1 ሜትር ከ20 ስለሆነ አንድ ሳንቲ ሜትር ውሃ 11 ሊትር ከምናምን ነው፣ ስለዚ 6 ሳንቲ ማለት ከ3 ጀሪካን በላይ ውሃ ሌሊት ጠፍቶ ቀን ተመለሰ ማለት ነው። መድሃኒቱ ዲኤስ 18 ቢ 20 የምትባል ሽቦ ያላት ትንሽ ቴርሞሜትር ናት፣ ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው የምትሳሳተው፣ ከሴንሰሩ ጎን ተንጠልጥላ ሙቀቱን ትነግረዋለች፣ ሂሳቡን በዛ ይሰራል። ከተጨመረች ጀምሮ የሌሊት ሌባው ጠፍቷል።

ሌላው የሚያሳስተው ነገር የተሳሳተ ማሚቶ ነው፣ ድምፁ ቀጥ ብሎ አይወርድም እንደ ባትሪ ብርሃን ይሰፋል፣ ስለዚ ከሮቶው ግድግዳና ከሚገባው ቧንቧ ራቅ አርገህ ነው የምትሰቅለው። ያም ሆኖ አልፎ አልፎ እብድ ቁጥር ይመጣል፣ አንድ ቀን የወጣልኝን ልጻፍላችሁ፣ 82፣ 83፣ 82፣ 24፣ 83። ጸሐፊው «አማካይ ወስጄም አልተስተካከለም» ብለዋል፣ ልክ ናቸው አይስተካከልም፣ የነዚህ አማካይ 70.8 ነው፣ አንዷ 24 ሁሉንም ጎትታ አወረደቻቸው። በቅደም ተከተል ደርድረህ መሃል ላይ ያለውን ብትወስድ ግን 82 ታገኛለህ፣ 24ቷ ራሷን ችላ ዳር ትቀራለች። እኛ 9 ጊዜ ለክተን መሃለኛውን ነው የምንወስደው። ከዛ በኋላ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ በዘንግ እየለካሁ አስተያየሁት፣ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሳንቲ ውስጥ ነው፣ ውሃ እየገባ ፊቱ ሲናወጥ 2 ይደርሳል። ለሮቶ ይሄ ከበቂ በላይ ነው።

መብራትና ኢንተርኔት። እዚህ ላይ ጸሐፊው ዋይፋይንና ኢንተርኔትን አንድ አርገው ነው ያዩት። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበረ ማናችንም አንረሳም፣ ይሄን ነገር ስሰራ ያ ጊዜ ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው፣ እና ከመጀመሪያው ኢንተርኔት እንዳይነካ ብዬ ነው የነደፍኩት። ማማው ላይ ያለችው ኢኤስፒ 8266፣ ዋይፋይ ያላት ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ ናት፣ እማማ በር ላይ ካለችው ሌላ ኢኤስፒ ጋር በቀጥታ ነው የምታወራው፣ ኢኤስፒ ናው በሚባለው መንገድ፣ መሃላቸው ራውተር የለም፣ ሲም ካርድ የለም፣ ሰርቨር የለም። ታሪኩን በስልኩ ማየት የሚፈልግ ሰው የታችኛዋ ራሷ ዋይፋይ ስለምትረጭ ከሷ ጋር ይገናኝና 192.168.4.1 ብሎ ይከፍታል፣ ካርድ አይበላም ዳታ አይበላም።

መብራቱስ? የላይኛዋ በአንድ 18650 ባትሪ ነው የምትሰራው፣ ከተበላሸ ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ፈትቼ ደህናዋን የመረጥኩት ነው። በየ15 ደቂቃው ትነቃለች፣ 4 ሰከንድ ገደማ ሰርታ ተመልሳ ትተኛለች። ስትሰራ 80 ሚሊ አምፔር ብትበላ በቀን 96 ጊዜ ነውና 8.5 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ የእንቅልፉ ተጨምሮ 9 በለው፣ 2500 ላላት ባትሪ በወረቀት ከ270 ቀን በላይ ነው። በተግባር ባትሪዋ አሮጌ ስለሆነች 5 ወር ነው የሄደችልኝ፣ 5 ወርም ቢሆን መብራት በጠፋ ቁጥር ምንም አይመስላትም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ብዙ ሰው ባትሪው በሳምንት ያልቅበትና እንደ ጸሐፊው ተስፋ ይቆርጣል፣ ምክንያቱ ዩኤስቢ መሰኪያ ያላት ትልቋ ቦርድ ላይ ሁሌ የምትበራ መብራትና ሌሎች ዕቃዎች ስላሉ ቺፗ ብትተኛም እነሱ አይተኙም፣ ሴንሰሩም ራሱ ሁሌ ከተሰካ ይበላል። ባዶዋን ሞጁል ተጠቀም፣ ሴንሰሩንም ስትለካ ብቻ አብራው።

እዚህ ላይ የምቀበላቸው ነገር አለ። ታንከሩ ከመሬት በታች ኮንክሪት ውስጥ ከሆነ ወይ ሮቶው ብረት ከሆነ የዋይፋዩ ሞገድ፣ 2.4 ጊጋኸርዙ፣ የሚሄድበት የለውም፣ አዘዞ ያለ ጓደኛዬ ባለ ፎቅ ቤት ስር ያለ ታንከር ላይ ሞክሮ አልሆነለትም። እሱ ወደ ሎራ ነው የሄደው፣ 433 ሜጋኸርዝ፣ ቀስ ብሎ የሚያወራ ግን ርቆ የሚሰማ ሬዲዮ ነው፣ ለአንድ ቁጥር ደግሞ ፍጥነት ምን ያደርጋል። አንቴናውን ከኮንክሪቱ ውጪ በገመድ አውጥቶት አሁን ይሰራለታል።

እርጥበቱን በተመለከተ ጸሐፊው የደረሰባቸው ነገር እኔም ላይ ደርሷል። ያቺ ሁለት ዓይን ያላት ሰማያዊ ሴንሰር፣ ኤችሲ ኤስአር 04 የምትባለው፣ ለሮቶ አልተሰራችም። እኔ ጋ ሁለት ወር ነው የቆየችው፣ ስፈታት እግሮቿ አረንጓዴ ሆነዋል፣ ዓይኖቿ ውስጥ ላብ አለ። በሷ ሞክሮ «ሴንሰር ክረምት አያልፍም» ማለት ግን በነጠላ ጫማ እርሻ ገብቶ ጫማ አይረባም እንደማለት ነው። መኪና ኋላ ላይ ያለው የፓርኪንግ ሴንሰር በጭቃም በዝናብም ይሰራል አይደል፣ እንደሱ ፊቱ የታሸገ አለ፣ ቦርዱ ለብቻ ጭንቅላቱ በገመድ ለብቻ የሆነ። ጭንቅላቱን ብቻ ክዳኑ ላይ ትሰካለህ፣ ቦርዱንና ባትሪውን ከሮቶው ውጪ ጥላ ውስጥ በተዘጋ ሳጥን ታስቀምጣለህ፣ ገመዱ ወደ ሳጥኑ ከስር እንዲገባና ከመግባቱ በፊት ትንሽ ዝቅ ብሎ እንዲታጠፍ ታደርጋለህ፣ ውሃው በገመዱ ወርዶ እዛ መታጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል ሳጥኑ ውስጥ አይገባም። ይሄ መታጠፊያ ከሁሉም ሲልኮን ይበልጣል። የኛ በዚህ ሁኔታ ባለፈው ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም አንድ ቀን አልቆመም።

የታሸገው የራሱ ጣጣ አለው፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ድረስ የቀረበ ነገር አያይም። ስለዚ ከመግዛታችሁ በፊት ሮቶው ጢም ብሎ ሲሞላ ውሃው ከክዳኑ ስንት ሳንቲ እንደሚርቅ ለኩ፣ ከ25 በታች ከሆነ ልክ ሲሞላ ነው ቅዠት የሚጀምረው፣ ያኔ ሌላ ዓይነት ነው የምትፈልጉት። የመዳብ ሽቦ ውሃ ውስጥ ነክሮ መለካት የሚባለውን ደግሞ እኔም እቃወማለሁ፣ ሽቦው በሳምንታት ውስጥ ይበላል፣ የተበላው የሚሄደው ወደምንጠጣው ውሃ ነው። ጸሐፊው «ቤት የተሰራ ሴንሰር ውሃ ይበክላል» ያሉት ይሄን ከሆነ ትክክል ናቸው፣ በድምፅ የሚለካው ግን ውሃውን አይነካውም።

አምስተኛው ላይ፣ ኤሌክትሪኩ ላይ ማለቴ ነው፣ ከጸሐፊው ጋር ከሞላ ጎደል እስማማለሁ፣ እንዲያውም እሳቸው ካሉት በላይ ልጨምር። ብዙ ልጆች ሴንሰሩ ከሰራላቸው በኋላ ዲናሞውን ራሱ እንዲያበራና እንዲያጠፋ ይፈልጋሉ፣ ከዛ ያቺን 10 አምፔር የተጻፈባት ትንሽ ሰማያዊ ሪሌ፣ በኮድ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ ማለት ነው፣ ይገዛሉ። ባለ 1 ፈረስ ጉልበት ዲናሞ ሲሰራ 5 አምፔር ገደማ ነው፣ 10 ከ5 ይበልጣላ ይላሉ። ግን ዲናሞ ሲነሳ ለቅጽበት የዛን አምስትና ስድስት እጥፍ ነው የሚስበው፣ በየቀኑ እንዲህ ሲመታት የሪሌዋ ምላሶች ተበይደው ይጣበቃሉ። ኮዱ «አጥፋ» ይላል፣ ሪሌዋ አትለቅም፣ ታንከሩ ያልቃል፣ ዲናሞው ያለ ውሃ ሲዞር አድሮ ይቃጠላል። ይሄ ደርሶ ያየሁት ነገር ነው። እኛ ግቢ ሴንሰሩ 220 ቮልት የሚባል ነገር ጋ አይደርስም፣ ሮቶው ላይ ያለው ከ5 ቮልት አይበልጥም፣ መብራቱን አይቶ ዲናሞውን የሚያበራው የሚያጠፋው ሰው ነው። ራሱ እንዲያጠፋ የሚፈልግ ሰው ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ለዲናሞው የሚመጥን ኮንታክተር፣ ማለትም ለሞተር የተሰራ ትልቅ ሪሌ፣ ያስገባ፣ ኧርዙንም ያስፈትሽ፣ ታንከሩ ሲያልቅ በራሱ የሚያቋርጥ ተንሳፋፊ ስዊችም ይጨምር፣ ኮዱ ቢሳሳት እንኳ ኳሷ አትሳሳትም። ብቻ ይሄ ሁሉ የማብራት የማጥፋቱ አደጋ ነው፣ ማወቅና ማዘዝ ሁለት ሥራ ናቸው፣ ጸሐፊው አደጋውን ከሁለተኛው ወስደው አንደኛውን ከለከሉበት።

ፋብሪካ የሰራውን ግዙ ላሉት ብዙ አልልም። ሆስፒታል ወይ ፋብሪካ ከሆነ አዎ፣ ታንከሩ ስር የሚቀመጥ የግፊት መለኪያ ገዝቶ በባለሙያ ያስገጥም። ለግቢ ግን አንድ ጎረቤታችን ዘመዱ ከውጭ ያመጣለትን ባለ አፕሊኬሽን መለኪያ ገጥሞ ነበር፣ ቁጥሩን ለማየት ስልኩ ውጭ አገር ካለ ሰርቨር ጋር መገናኘት አለበት፣ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ 3 ሜትር ራቅ ብሎ ያለውን የራሱን ሮቶ ማየት አልቻለም። ዋስትናውም ወረቀቱ ላይ አለ፣ ዕቃውን የሚቀበለው ሱቅ ግን ያለው እዛው የተገዛበት አገር ነው። የኔ ሲበላሽ የተበላሸችውን ቁራጭ ለይቼ እሷን ብቻ እቀይራለሁ፣ የግቢያችን የ10ኛ ክፍል ተማሪም አሁን ያለኔ ባትሪ መቀየርና ኮድ መጫን ይችላል።

አሁን ወደዛች ወደሚወዷት ዓረፍተ ነገር። «ሴንሰር ውሃ አይወልድም።» እውነት ነው፣ የከተማችን የውሃ ምንጭ የሆነው አንገረብ ግድብ በደለል መያዙን፣ የመገጭ ግድብ ሥራ ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ መጓተቱን የማያውቅ ጎንደሬ የለም፣ ያንን በሴንሰር የሚፈታ ሰው የለም፣ አለ ያለም የለም። ግን ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው መለካት ጥቅም የለውም ሲሉ እኔ በዓይኔ ያየሁትን ሁለት ነገር መናገር አለብኝ።

የመጀመሪያው፣ ሙቀቱን ካስተካከልን በኋላም ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ሁሌ 3 ሳንቲ ይወርድ ነበር። ዘንግ ከትቼ አረጋገጥኩ፣ በውነት ይወርዳል። በዛ ሰዓት የሚቀዳ የለም። 3 ሳንቲ ማለት 34 ሊትር ገደማ ነው፣ የሌሊቱ ብቻ በወር 1000 ሊትር፣ ግማሽ ሮቶ። ግቢውን በሙሉ ዞርን፣ የትም የረጠበ መሬት የለም። መጨረሻ ላይ የጋራው ሽንት ቤት ውስጥ ያለችው የውሃ ማጠራቀሚያ ኳሷ ተጣማ አልዘጋ ብላ ውሃው በግድግዳው ተለጥፎ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ አገኘነው፣ በእጅህ ካልነካኸው አይታወቅም። ቧንቧ ሰራተኛ በ20 ደቂቃ ቀየራት። በማግስቱ ሌሊት ቁጥሩ ከምሽት እስከ ንጋት አልተነቃነቀም። ስንት ዓመት እንደዛ ሲወርድ እንደኖረ ማንም አያውቅም፣ ማንኳኳት ደግሞ 3 ሳንቲ አያሳይም።

ሁለተኛው ይበልጣል። የመሬቷ ታንከር ላይም አንድ ተክዬ ስለነበር ውሃ ሲመጣ በስንት ሰዓት ስንት ሳንቲ እንደሚሞላ መዝገቡ ላይ ይቀር ነበር። ከጎናችን ያለው ግቢ ታንከሩ ከኛ ጋር እኩል ነው፣ ከፍታውም ያው ነው፣ መስመሩም ያው ነው፣ እነሱ በአንድ ፈረቃ ይሞላላቸዋል እኛ ግማሽ ላይ ስንደርስ ውሃው ይሄዳል። ሁሌ ምክንያቱን «ግፊቱ ስለቀነሰ ነው» እያልን ነበር የምናልፈው። መዝገቡን ሳየው ግን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ያው ዘገምተኛ ፍጥነት ነው፣ ግፊት ቢሆን ኖሮ ሰፈሩ ሁሉ መቅዳት ሲጀምር ነበር መቀነስ ያለበት፣ ይሄ ግን እንደታነቀ ጉሮሮ አንድ ዓይነት ነው። ቧንቧ ሰራተኛው ከቆጣሪው በኋላ ያለውን የራሳችንን መዝጊያ ሲፈታው ውስጡ ዝጎ ትንሽ ጣት የምታሳልፍ ቀዳዳ ነው የቀረችው። ተቀየረ። አሁን ታንከሯ በአንድ ፈረቃ ትሞላለች። ያ ውሃ ከየትም አዲስ አልመጣም፣ ድሮም በራችን ድረስ ይመጣ ነበር፣ እኛ ነበርን የማንቀበለው።

ጥምቀት ሲቃረብ ከቀሃ የሚመጣው ውሃ ፋሲል መዋኛ ሲገባ ሰው ሁሉ «ስንት ደረሰ» ብሎ ይጠይቃል፣ የሚያይም የሚነግርም አይጠፋም። በየግቢያችን ላለው ውሃ ግን ጠያቂም ነጋሪም አልነበረም።

የጎረቤት ግቢ፣ ከኛ ከፍ ብሎ ያለው፣ ውሃ ሲመጣ ከኛ በስንት ደቂቃ እንደሚዘገይ ማወቅ ስለፈለጉ ለእነሱም አንድ እየሰራሁ ነው። ሳጥኑ ተዘግቷል፣ ሲልኮኑ ትናንት ደርቋል፣ ክዳናቸው ስር ያለውን ርቀትም ለክቻለሁ፣ 31 ሳንቲ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እንሰቅለዋለን፣ መሰላሉን ልጁ ይይዝልኛል።